ካርዱን ቦርሳ ውስጥ አትደብቁት፦ የሃይስኩል ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ በተሰጠ ማግስት፣ እኔ ጋ የምታጠና አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አርፍዳ መጣች። ቦርሳዋን ስትከፍት ካርዱ ከአማርኛ መጽሐፏ ሽፋን ውስጥ ሾልኮ ወደቀ። አራት ቦታ ታጥፏል። ለካ ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣች በኋላ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሦስት ጊዜ በታክሲ ተመላልሳለች። ቤቷ ከአራት ኪሎ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። «ቲቸር፣ እማዬ ካርድ መቼ ነው ስትለኝ ገና ነው አልኳት» አለችኝ። ሂሳብ 41 ነበር ያገኘችው።

ለዓመታት በዚህ ሰፈር ልጆች አስጠንቻለሁ። ትምህርቱ ይከብዳል፤ እውነት ነው። ግን ልጆቹን አብዝቶ ሲጎዳቸው ያየሁት ጭንቀቱን ደብቀው ለብቻቸው ሲሸከሙት ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚያው ድብቅ ጭንቀት ልጆች ናቸው።

ውጤት መደበቅ

አንድ ካርድ ለመደበቅ አንድ ውሸት አይበቃም። ዛሬ «ገና ነው»፣ ነገ «መምህሩ አልመጣም»፣ ከነገ ወዲያ «ጠፋብኝ»። ልጅቷ በዚያ ቀን አንድም የሂሳብ ጥያቄ በትክክል አልሠራችም። ጉልበቷ ሁሉ ውሸቱን በመጠበቅ አልቆ ነበር።

መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አነጋገሩን አብረን ተለማመድን። መጀመሪያ ሰዓት መረጥን። እናቷ ከሥራ እንደገባች ሳይሆን እራት ከተበላ በኋላ፣ ታናናሾቿ ሲተኙ። ቀጥሎ ቁጥሩን ቀድማ እንድትናገር ተስማማን። «እማዬ፣ ካርድ ትናንት ተሰጥቷል። ሂሳብ 41 ነው ያገኘሁት። የስምንተኛ ክፍሉ አልጀብራ ከሥሩ አልገባኝም። ከሰኞ ጀምሮ ከዚያ እጀምራለሁ።» ይኸው ነው። ሰበብ የለም፣ መምህሩን መክሰስ የለም፣ «ሁሉም ወድቋል» የለም።

በማግስቱ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ነበር። እናቷ ስለ 41ዱ ብዙም አልተናገረችም። «ትናንት እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርሽ?» ብላ ነው ያለቀሰችው።

ሁሉም ቤት እንዲህ እንዳልሆነ ይገባኛል። አባቱን የሚፈራ ልጅ አለ፤ የሚፈራበትም ምክንያት አለው። እንዲህ ከሆነ በመሀል ሰው አስገቡ። ለትዳር ሽማግሌ የሚልክ ሕዝብ ለካርድ አክስት ቢልክ ምን ነውር አለው? አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ እናታችሁ የምታከብራት የቡና ጎረቤት፣ ከእነዚህ አንዷ አትጠፋም።

ብሔራዊ ፈተናውን እንደ ሎተሪ መቁጠር

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ችግሩ ልጆቹ ቁጥሩን የሚያነቡበት መንገድ ነው። «ከመቶ ሦስት ሰው ውስጥ እኔ እንዴት እገባለሁ?» ይሉኛል። ያኔ ጎበዙ የክፍል ጓደኛ ተፎካካሪ ይመስላቸዋል። ማስታወሻ መዋዋስ ያቆማሉ። ሰቃዩ ልጅ ጥያቄ ሲጠየቅ «እኔም አላውቀውም» ይላል።

የማለፊያው መስመር ግን ቋሚ ነው፤ 50 በመቶ። ጓደኛችሁ ቢያልፍ የእናንተን ቦታ አይወስድም። አብራችሁ ብታጠኑ ሁለታችሁም መስመሩን ልታልፉ ትችላላችሁ። ከክፍል አንደኛ መውጣት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለቱን አታምታቱ።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። «የእነ እገሌ ልጅ እኮ…» ብሎ የሚጀምር ንግግር ልጅን ሲያስጠና አይቼ አላውቅም። ያንን የእገሌን ልጅ ሲያስጠላው ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

50 ያልሞላለት ልጅም መንገዱ አልተዘጋም። ከ2015 ጀምሮ የሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም አለ። ሜክሲኮ አካባቢ ተግባረ ዕድ አለ፤ ከስድስት ኪሎ ከፍ ሲባል እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ አለ። እጁ ሥራ የሚወድ ልጅ እነዚህን ቦታዎች ሳይወድቅ በፊት ሄዶ ቢያያቸው ደስ ይለኛል። ከወደቀ በኋላ ሲሄድ እንደ ቅጣት ያያቸዋል።

ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የማትሪክ ጊዜ፣ የባዮሎጂ ፈተና ዋዜማ ዓይኔን አልከደንኩም። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣሁ። ጠዋት ወረቀቱ ሲመጣ ጥያቄው ደብተሬ ላይ የትኛው ገጽ እንዳለ ታወሰኝ። ሥዕሉ በግራ በኩል እንደሆነ፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዳሰመርኩበት ሁሉ ይታየኛል። መልሱ ግን የለም።

በእናንተ ዕድሜ ሰውነት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይፈልጋል። ቀን ያነበባችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው ስትተኙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ልጅ ውኃ በወንፊት እየቀዳ ነው። ቡናውም ቶሎ አይወጣም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ 5 ሰዓት ላይ ገና ሰውነታችሁ ውስጥ ነው።

ጫት ለጥናት ያግዛል የሚሏችሁም አሉ። በምርቃናው ሰዓት ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል። ከዚያ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ዱካኩ ይመጣል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጭንቅላት ባዶ ይሆናል። በፈተና ሳምንት ብቻ ብለው ጀምረው እስከ ዛሬ ያልተውትን አውቃለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የማስጠናቸውን ልጆች ሁሉ አንድ ነገር አስደርጋለሁ። አንድ ርዕስ ያነባሉ። ደብተሩን ይዘጋሉ። የድሮ ወርክሺት ገልብጠው በባዶው ጀርባ ላይ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ቀን ሦስት መስመር ጽፈው እስክሪብቶውን እያኘኩ ያዩኛል። «ቲቸር፣ አሁን አንብቤው ነበር እኮ!» ይላሉ። ልክ ነው፣ አንብበውታል። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል፤ ፈተና የሚጠይቀው ግን ደብተሩ ሲዘጋ የሚቀረውን ነው። ደብተሩን ከፍተው የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሞላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ርዕስ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። ዘዴው አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ በአንድ ቀን የታጨቀ ነገር ቶሎ እንደሚረሳ፣ በተለያየ ቀን የተከፋፈለ ግን እንደሚቆይ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል።

ሩቅ ሰፈር ያላችሁ፣ ታክሲ ለመያዝ ንጋት 11 ሰዓት የምትነሡ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለባችሁ። የቀረውን ቅዳሜ ላይ አካክሱት።

ኩረጃና «የወጣ ፈተና»

«ካላስኮረጅከኝ ጓደኛዬ አይደለህም» የሚል ልጅ በየክፍሉ አለ። ጎበዝ ልጆችን አብዝቶ የሚያስጨንቃቸው ይኼ ነው። ከፈተናው በፊት ንገሩት፦ «ፈተና ላይ አልችልም፤ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ግን አስረዳሃለሁ።» ኩርፊያው አንድ ሳምንት አይቆይም።

በቴሌግራም ፈተና ወጣ ሲባል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቻናል ለቻናል የሚዞሩ አሉ። በ2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በእርግጥም ወጥቶ ነበር። ምን ሆነ? ፈተናው ተሰረዘ። የሠራም ያልሠራም እንደገና ተቀመጠ። ዛሬ ገንዘብ እያስከፈሉ ወረቀት የሚልኩላችሁ ሰዎች ከእናንተ ጭንቀት ነው የሚበሉት።

ናቹራልና ሶሻልን ለሌላ ሰው መምረጥ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሣል። «ሶሻል የሰነፍ ነው» የሚለው አባባል እስካሁን አልሞተም። ጠበቃውም፣ የኢኮኖሚክስ ባለሙያውም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ጋዜጠኛውም ከሶሻል ነው የሚወጣው። በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ማንም ሳያዛችሁ የከፈታችሁት ደብተር የቱ ነው? እሱን ለቤተሰብ አሳዩ። በባዶ «አልፈልግም» ከማለት ሁለት ዓመት የተሞላ ደብተርና ማርክ ይዞ መቅረብ ይሻላል።

ስልኩን ትራስ ሥር ማሳደር

በሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ለእናታችሁ ስጧት። ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አልዘልም። ማንም ሰው በፎቶ ወይም በመልእክት እያስፈራራ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር ከጠየቃችሁ፣ አትክፈሉ፤ መልእክቱንም አታጥፉት። በዚያው ቀን ለምታምኑት ትልቅ ሰው አሳዩ። ጥፋተኛው አስፈራሪው ነው።

ሕመምን «ስንፍና» ብሎ መጥራት

ከሚያሳስቡኝ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከኳስ ሜዳ የማይጠፋ ልጅ ኳስ ያስጠላዋል። ምግብ አይበላለትም። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነቃም። ውጤቱ ሲወርድ «ሰነፍክ» ይባላል። እሱም «ሰነፍኩ» ብሎ ያምናል።

ከፈተና በፊት ሆድ መረበሽ፣ እጅ ማላብ የሁላችንም ነው፤ ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ያልፋል። ኳስ ያስጠላው ልጅ ዓይነት ነገር ግን ሁለት ሳምንት አልፎትም ካልለቀቃችሁ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አማኑኤል የሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ መሰዳደቢያ ሲሆን እየሰማን ነው ያደግነው። ያ ስድብ ስንት ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ ሳስብ ያመኛል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ሐኪሙ ከሁለቱም ጋር አይጣላም።

«ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። ብቻችሁን አትሁኑ። በዚያው ሰዓት አጠገባችሁ ላለ ትልቅ ሰው፣ በዚያው ቃል ንገሩት። አንዱ ካልሰማ ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ካልሰማ ሦስተኛ ሰው ጋ ሂዱ። ይህን ጓደኛችሁ ከነገራችሁ ደግሞ፣ ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙት። ቢቀየማችሁም ተናገሩ።

ሰፈር ሲቀየር ጓደኝነቱን መተው

ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ልጆች ሰፈራቸውን አጥተዋል። አብሮ ያደገው ጓደኛ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ ገባ። ትምህርት ቤት የቀየሩ አሉ። ሳይቀይሩ በየቀኑ መሀል ከተማ የሚመላለሱም አሉ። ብዙዎቹ «በቃ ተለያየን» ብለው ስልክ መደዋወል ያቆማሉ። ከአዲሱ ሰፈር ጋርም ገና አልተላመዱም። ይህ ብቸኝነት ውጤት ላይ ሲታይ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም።

እኔ የማውቃቸው ሦስት ወንዶች ልጆች ቀጠሮ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ብርሃኑም ወንበሩም ጥሩ ነው። አንዱ ኬሚስትሪ ያስረዳል፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይጠይቃል። 6 ሰዓት ላይ ወጥተው አንድ ፍርፍር ለሦስት ይበላሉ። ገላን ጉራ የገባው ልጅ መንገዱ ስለሚርቅበት ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ሁለቱ እስከ ፌርማታው ይሸኙታል።