«ትክክለኛው» የምግብ አሠራር የቱ እንደሆነ ለመለየት

«ትክክለኛው ባህላዊ አሠራር ይህ ብቻ ነው» የሚል መመሪያ ሲያጋጥምዎ፣ የዚያኑ ምግብ ሦስት ወይም አራት ሌሎች መመሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ፤ በሁሉም ውስጥ የሚደጋገመው የምግቡ መሠረት ሲሆን፣ የሚለያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የየቤቱ ምርጫ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ አህጉር ወደ ሌላው ዓለም የተዛመቱ በመሆናቸው፣ ዛሬ ያለ እነርሱ የማይታሰቡ ብዙ ምግቦች ከዚያ በፊት በዚህ መልካቸው ሊኖሩ አይችሉም ነበር።

የሽንኩርትን ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። መመሪያው 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃል ቢልም፣ ሽንኩርት ሳያርር በደንብ ቡናማ እንዲሆንና ጣፋጭነቱ እንዲወጣ ለስለስ ባለ እሳት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ከሰዓቱ ይልቅ ቀለሙንና ሽታውን ይመኑ። ዱቄትን በሚዛን ይለኩ፤ አንድ ኩባያ እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠሩ ምንም ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይሥሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ውጤቱን በመመሪያው ጠርዝ ላይ ይጻፉ።