ልጅን ሱቅ መላክ እንዴት ይለመዳል?

ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ የላክኋት እንቁላል ግዢ ብዬ ነው። አራት ገዛች። ፌስታሉን እያወዛወዘች መጣች። ቤት በደህና የደረሰው አንዱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለጀማሪ እንቁላል ይታዘዛል? ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ጀመርነው። ባህር ዳር ውስጥ የስድስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ያላችሁ እንዲህ ሞክሩት።

መጀመሪያ ስም። ብዙ ልጅ እናቱን «እማዬ» ከማለት ሌላ ስሟን አያውቅም። ጠፍቶ ሲያለቅስ «የእናትህ ስም ማነው?» ሲሉትም «እማዬ» ነው መልሱ። የራሱን ስም እስከ አያቱ፣ የእናንተንም ስም አስጠኑት። ስልክ ቁጥሩን አስሩንም በአንዴ አይዝም። ሁለት ሁለት እየከፈላችሁ በጭብጨባ አስዘምሩት። ሰፈሩን በምልክት ይወቅ፦ ጊዮርጊስ ጋ፣ ቅዳሜ ገበያ ጋ፣ እንደየሰፈራችሁ። የቤት ቁጥር ማንም አይጠይቀውም።

ሁለተኛ ገንዘብ። ቤት ውስጥ ሱቅ ክፈቱ። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት ደርድሩና እናንተ ባለሱቅ ሁኑ። አስር ብር አረንጓዴ፣ መቶ ብር ሰማያዊ መሆኑን ቶሎ ይይዛል። ጣጣው መልስ ላይ ነው። ስለዚህ ሆን ብላችሁ መልስ አጉድሉበት። «ጋሼ፣ መልሱ ጎድሏል» ማለት ይልመድ። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለትን ነው ስናስተምራቸው የኖርነው፤ ይቺን ቃል ከአፋቸው ማውጣት ቀላል አይደለም። የእኔዋ ሦስት ቀን ሙሉ በሹክሹክታ ነበር የምትላት።

መንገድ ላይ አልደራደርም። የሚላክበት ሱቅ መንገድ የማያሻግር ይሁን። ትንሽ ልጅ መኪናውን ያየዋል፤ ፍጥነቱንና ርቀቱን ግን በደንብ አይገምትም። እስከ 9 እና 10 ዓመቱ ድረስ ይቸገራል። እጃችሁን ይዞ ሲሻገር ግን ከአሁኑ አስተምሩት፦ ቁም፣ ግራህን እይ፣ ቀኝህን እይ፣ እንደገና ግራህን። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ቀድሞ የሚደርስባችሁ ከግራ የሚመጣው ነው። ባጃጅ ይህን ሕግ የሰማ አይመስለኝም፤ ከየትም ይመጣል። ብስክሌት ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ከተማችን ደግሞ ብስክሌት ሞልቷታል። ልጁ ጆሮውን ብቻ እንዳያምን ንገሩት።

ቤታችሁ ለጣና ቅርብ ከሆነ አንድ ሕግ ጨምሩ፦ ሐይቁ ዳር ለብቻ አይኬድም። ኳሱ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ ትልቅ ሰው ይጠራል እንጂ ተከትሎ አይገባም።

አሁን ላኩት። አንድ ዕቃ፣ የማይሰበርና የማይፈስ። ምን እንደሚገዛ መልሶ ይንገራችሁ። ባለሱቁን ቀድማችሁ አናግሩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ራቅ ብላችሁ ተከተሉት፤ ካያችሁ ግን አለቀ፣ ዞር እያለ እናንተን ነው የሚያየው። ቀጥሎ በር ላይ ቆማችሁ ጠብቁት። ጨው ተብሎ ስኳር ይዞ ቢመጣ አትቆጡ። «ሂድና ቀይር» በሉት።

ባለፈው እንቁላል ደግሜ ላክኋት። ፌስታሉን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እርምጃዋን እየቆጠረች መጣች። አራቱም ደህና ናቸው። በመልሱ ግን ማስቲካ ገዝታበታለች።