የቤት መኪናና ተሳቢ በአንድ ሚዛን፦ ኤሌክትሪክ ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ላይ ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ደላላውም ቁጥሩን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከቻይና በሚገቡት መኪኖች ላይ የሚጠራው ርቀት ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የወጣ ነው፤ ቀስ ያለ የከተማ መንዳት ስለሚበዛበት ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ለረጅም መንገድ ከ70 እስከ 75 በመቶውን ብቻ ያዙ። 405 ኪሎ ሜትር የሚባልለት ቢዋይዲ ሲጋል 300 ቢሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ገደማ ስለሆነ መንገድ ላይ ሳይሞላ አይገባም። 510 የሚባለው ዩዋን ፕላስ ይደርሳል፣ ለጥንቃቄ የሚተርፈው ግን ትንሽ ነው። ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ለእውነቱ ይቀርባል፤ አንዱን መኪና በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ለክቶ «ይኼኛው ይበልጣል» ማለት ኪሎን ከፈረሱላ ጋር ማወዳደር ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ያለውን የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት መርሳት ግን ይቅር የማይባል ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 2 ቶን የሆነ የቤት መኪና 100 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ያህል ይበላል። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ 12 ይበላል። ከጊቤ ድልድይ ሽቅብ ያለውን ዳገት በግርድፉ 800 ሜትር ብንለው የቤት መኪናው 5 ኪሎዋት ሰዓት ከፍሎ ይወጣል፤ ሹፌሩ ልብም ላይለው ይችላል። ተሳቢው 100 ይከፍላል። በቻይና ከባድ መኪኖች ላይ የተለመደው ባትሪ 282 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሲሶው በላይ አንድ ዳገት ላይ አለቀ ማለት ነው፤ የጎማውና የነፋሱ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሳያሰላ «ወንድሜ የቤት መኪናውን ይዞ ደርሷል» ብሎ ተሳቢ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ጊቤ በረሃ ላይ አቁሞ ይጠብቃል።

«ቁልቁለቱ መልሶ ይሞላዋል» የሚል መልስም አይጠፋም። ይሞላል፤ ጎማውና ነፋሱ ድርሻቸውን ወስደው፣ ሞተሩም ጥቂት አባክኖ የተረፈውን። ደግሞም ባትሪው መቀበያ ቦታ ካለው ነው። ወልቂጤ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ወደ ጊቤ የሚወርድ ተሳቢ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት የለውም፤ ሞተሩ ኃይል እየመለሰ መኪናውን መያዙን ይተውና 40ው ቶን በሙሉ የፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራ ሲግል ደግሞ ፍሬን ይከዳል። ቻርጅ ያደረጋችሁት ከቁልቁለቱ አናት ከሆነ 80 በመቶ ላይ ንቀሉ። (ለፍትሕ ያህል፦ ናፍጣ ሞተር ደጋ ላይ አየር ያጥረዋል፣ ኤሌክትሪክ አያጥረውም።)

ሌላው የተለመደ ስሌት «የቤት መኪና 100 ኪሎ ሜትር በ16 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፣ ተሳቢ 130 ይበላል፣ ስለዚህ አያዋጣም» የሚለው ነው። በኩንታል አካፍሉት እንጂ! 250 ኩንታል ቡና የጫነ ተሳቢ ለአንድ ኩንታል 0.52 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሰዋል፤ 4 ኩንታል የጫነች የቤት መኪና ግን 4። ተሳቢው ባዶውን ከተመለሰ የመልሱን 70 ገደማ ጨምሩበት፣ 0.8 ይሆናል። የመልስ ጭነት የሌለው ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ ይህችን መስመር ዘሎ ነው የሚደምረው።

«ባትሪው ትልቅ በሆነ ቁጥር ይሻላል» ለቤት መኪና ብዙም አይጎዳም። ኪራይ በኩንታል ለሚከፈለው ግን ባትሪ ጭነት ነው። በኪሎ 150 ዋት ሰዓት ብንይዝ 282 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው 19 ኩንታል፣ 423 የሚይዘው ትልቁ ደግሞ 28 ኩንታል ይመዝናል። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት አንድ ከሆነ ልዩነቱ 9 ኩንታል በየጉዞው ከኪራያችሁ ይቀነሳል።

ያገለገለ መኪና ስትገዙ ባትሪውን ግማሽ ላይ አትመርምሩ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ መሀሉ ላይ ቮልቴጁ ከ3.2 እስከ 3.3 ባለው ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ትንንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) የደከመው ከጤነኛው አይለይም። እስኪሞላ ቻርጅ አድርጉና የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነበው የኦቢዲ መሣሪያ የሴሎቹን የቮልቴጅ ልዩነት ያን ጊዜ እዩ። መኪናው የእናንተ ከሆነ በኋላም ይህን ዓይነት ባትሪ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙሉት፣ አለዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው መቶኛ ይዋሻል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ባትሪ ግን ለዕለት ሥራ 80 ይበቃዋል።

የቤት ሶኬት 10 አምፔር ላይ 2.2 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከብክነቱ ጋር 30 ሰዓት። 7 ኪሎዋት ቻርጀር የምታስገቡ ከሆነ የራሱ ብሬከርና ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይኑረው፤ በአሮጌው የምጣድ መስመር ላይ አትቀጥሉ። ተሳቢ ሶስት ፌዝና የሚችል ትራንስፎርመር ይፈልጋል። 120 ኪሎዋት ቻርጀር 282ቱን ከ20 ወደ 80 በመቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ያደርሳል። መብራት ሦስት ሰዓት ቢጠፋ የቤት መኪናው ነገ ይሞላል፤ የተሳቢው የዛሬ ጉዞ ግን ቀረ።

ወጪ ስታሰሉ በቆጣሪው የመጀመሪያ እርከን ዋጋ አታስቡ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በየደረጃው ይወደዳል። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ከብክነቱ ጋር 285 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በቤቱ ፍጆታ ላይ ይደርባል።

ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪም አትርሷት፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የቻርጅ ክዳኑን ከፍታችሁ ሶኬቱን በዓይናችሁ እዩ፦ የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2?