የቀን ፀሐይን ለሌሊት ብርድ ማቆየት

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ በጠራራ ፀሐይ አልፎ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል፣ ብዙ ቤተሰብ መኝታ ክፍሉን በከሰል ለማሞቅ ይገደዳል። ከዚህ ይልቅ ያገለገሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ከውጭ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ ውኃ ሞልቶና ክዳናቸውን አጥብቆ፣ ጠዋት በቤቱ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር መደርደር ይቻላል፤ በእነዚህ ወራት ፀሐይ በቀትርም ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቦታው ቀኑን ሙሉ ብርሃን አይለየውም። ጀሪካኖቹን ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ መሸፈን ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም፤ የደጋው ነፋስ ፀሐይ የሰጠችውን ሙቀት ወዲያው ይወስደዋልና። ከዚያም ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ክፍሉ አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ነው።

ጥቁር ቀለም የብርሃኑን አብዛኛውን ክፍል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ውኃም በእኩል ክብደት ከድንጋይ ከ4 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። አንዱ ጀሪካን ሌሊቱን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፣ ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለ28 ደቂቃ ያህል ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ለጠባብ ክፍል አራት ወይም አምስት ጀሪካን ብርዱን ያለዝባል፤ ከሁሉም በላይ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ሽታ የለሽ መርዛማ ጋዝ የለበትም።

ውኃው ለመጠጥ አይዋል። ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሚመዝን ለአረጋውያን ባለ 5 ሊትሩ ይሻላል። በክረምት ደመና ዘዴው አይሠራም።