ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በሙዚቃ ዲግሪ ለመማር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መማር የሚፈልግ የመንዝ፣ የተጉለት ወይም የደብረ ብርሃን ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መዘጋጀት የሚጀምረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን ካየ በኋላ ነው። ይህ በጣም የዘገየ ጅምር ነው፤ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስገባው የወረቀት ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ወር ጥድፊያ የማይገኝ የጆሮና የእጅ ልምምድ ጭምር ነውና። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በተለይ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን በማሰብ የተዘጋጀ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ቢሠራበት አይጎዳም።

በመጀመሪያ የሚፈልጉትን ይለዩ

«ሙዚቃ መማር» የሚለው አነጋገር ብዙ ሙያዎችን በአንድ አቁማዳ ይከታል። መሣሪያ ተጫዋችነት፣ የዜማ ድርሰት፣ ቅንብር፣ መምህርነት፣ የድምፅ ቀረጻ፣ የድምፃውያን ወኪልነትና የኮንሰርት ዝግጅት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዝግጅት ይጠይቃሉ። በአገራችን የሙዚቃ ዲግሪ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የትምህርቱም ማዕከል የመሣሪያ አጨዋወትና የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ነው። በሌላ በኩል እንደ ቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ባሉ የውጭ ተቋማት የሙዚቃ ንግድና አስተዳደር ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት ነው። ዝንባሌዎ ከመድረኩ ይልቅ ወደ ገበያው ካደላ፣ እዚሁ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት እየተማሩ ሙዚቃውን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። በእኔ አስተያየት የአገራችን ሙዚቃ ድምፃዊ አልጎደለበትም፤ የጎደለው ሒሳብ የሚይዝና ውል አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ጆሮዎን ያሠልጥኑ

ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚሰጠው የተሰጥዖ ፈተና በአብዛኛው የሚመዝነው ሦስት ነገሮችን ነው፤ የተሰማን ድምፅ መልሶ በትክክል ማዜም፣ የተጨበጨበን ምት ሳያዛንፉ መድገም፣ እንዲሁም ከሁለት ድምፆች የትኛው ከፍ እንደሚል መለየት። እነዚህ ሁሉ ያለ መምህርና ያለ ገንዘብ በቤት ውስጥ የሚለመዱ ናቸው። በስልክ ላይ ከሚገኙት የፒያኖ መተግበሪያዎች አንዱን ያውርዱ፤ በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ አንድ ድምፅ እየነኩ መልሰው ያዚሙ፤ ከዚያም ሁለት፣ ቀጥሎም አራት ድምፆችን በተከታታይ ይሞክሩ። የራስዎን ድምፅ ቀድተው ማዳመጥን አይርሱ፤ ሰው ሲያዜም ለራሱ የሚሰማው ድምፅና በቅጂ የሚሰማው እኩል አይደሉም።

ከዚያ ወደ ቅኝት፣ ማለትም የዜማው ድምፆች ወደሚደረደሩበት ሥርዓት ይሻገሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወረሱት ከጎረቤታችን ከወሎ ነው። ለጀማሪ የሚቀለው የትዝታ ሜጀር ሲሆን፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ በመውጣትና በመውረድ ይለመዳል። ከአምስቱ ሦስተኛውንና አምስተኛውን (ሚንና ላን) በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጓቸው የትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ልዩነቱን በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሁለቱን አከታትሎ ማዜም በፍጥነት ይገባል። ይህ በእጅዎ ሲገባ በሠርግ፣ በጥምቀት ወይም በሬዲዮ የሰሙትን ዘፈን ሁሉ «ይህ የየትኛው ቅኝት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከሠርግ ቤት ተቀምጦ ከመጨፈር ይልቅ ቅኝት መቁጠር ለወዳጅ ዘመድ ግራ ቢመስልም፣ ከዚህ የተሻለ የነጻ ክፍል የለም።

ኖታ ማንበብን ይጀምሩ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ያደገ ተማሪ ከዜማ ቤት ጋር ቅርበት ሊኖረው ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ ዓይነቶች ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በጆሮው የሚለይ፣ የዜማ ምልክቶቹን ይዘትን፣ ደረትን፣ ርክርክንና ድፋትን ከፊደል በላይ ተጽፈው ያየ ሰው፣ ዜማ በጽሕፈት ሊያዝ እንደሚችል ማንም እንዲያሳምነው አያስፈልገውም። ሆኖም የዜማው ምልክት በቃል የተጠናውን የድምፅ ጉዞ የሚያስታውስ ሲሆን፣ ባለ አምስት መስመሩ ኖታ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታና ርዝመት ለይቶ ስለሚጽፍ፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የድምፅን ርዝመት የሚያሳዩትን ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ ኖታን በማጨብጨብ ብቻ ይለማመዱ፤ የድምፆቹን ስም በመስመሮቹ ላይ ማጥናት ከዚያ በኋላ ይቀላል።

መሣሪያ

ፒያኖ የለኝም ብሎ መቀመጥ አያስፈልግም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ የተዋወቀው ከክራር ጋር ነበር፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ሲሆን፣ በኋላም ትምህርቱን በቡልጋሪያ ሶፊያ ቀጥሏል። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክር ያለው ክራር ቅኝትን በእጅ ለመማር እጅግ ምቹ ነው፤ የክሮቹን ውጥረት ራስዎ እያስተካከሉ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ስለሚሻገሩ፣ ጆሮዎም ሳይታወቅዎ አብሮ ይሠለጥናል። ማሲንቆ የሚመርጥ ሰው ደግሞ በክረምት የደብረ ብርሃን ጭጋግ ቆዳውን እንደሚያላላው ማወቅ አለበት፤ ከመጫወት በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማሞቅ ይበቃል፤ ወደ እሳት ማስጠጋት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።

ቢያንስ ሁለት ሥራዎችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ መጫወት እስኪችሉ ይዝለቁ። ፈታኝ ፊት አምስት ዘፈን ጀምሮ ሁሉንም ከግማሽ መተው የተለመደ ስሕተት ነው።

ወላጆችን ማነጋገር

ይህ ከፈተናው ይልቅ የሚከብድበት ቤት አለ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አዝማሪ ሊሆን?» የሚለው ጥያቄ በቁጣ ሲነገር ብዙ ሰምተናል፤ ከሥሩ ያለው ግን ንቀት ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ሥጋት ነው። ስለዚህ በክርክር ሳይሆን በእቅድ ይመልሱ። ለአባትዎ ወይም ለእናትዎ በአክብሮት ቀርበው፣ ትምህርቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ በመምህርነትም ሆነ በስቱዲዮ ሥራ ምን እንደሚሠራበት፣ ካልተሳካም ሁለተኛው አማራጭዎ ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ያሳዩ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ብሪታንያ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር እንደነበረና በኋላ በበርክሊ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እንደሆነ መንገር ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ነገር ግን ወላጅ የሚረጋጋው በሙላቱ ሳይሆን በልጁ ትጋት ነው።

ማመልከቻና የፈተና ቀን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን ማለፍ ግድ ስለሆነ፣ ሙዚቃን ሰበብ አድርጎ ሒሳብንና እንግሊዝኛን መተው በሩን በራስ ላይ መዝጋት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ የማመልከቻ ማስታወቂያውን በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲው ራሱ ያረጋግጡ፤ የጓደኛን ወሬ አይመኑ።

የተሰጥዖ ፈተናው ዕለት ማለዳ ከቤት መነሣት አይመከርም። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ላምበረት መናኸሪያ ደርሰው ከተማውን እስኪያቋርጡ ድካምና ድምፅ መዘጋት ሊያጋጥም ይችላል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ ተማሪ በዋዜማው ቢገባ፣ መሣሪያውንም በአዲስ አበባ አየር ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ

ከመሣሪያው ጎን ለጎን የሕጉን ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፤ ሁለቱንም ገዝተው ወይም አትመው ያንብቡ። በሕጉ መሠረት የሥራ አመንጪው (ሥራውን የፈጠረው ሰው) የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው የመጠቀም መብት፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የሚጸና ነው። የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ድምፃዊና የድምፅ ሪኮርዲንግ ፕሮዲዩሰር በአንድ ዘፈን ላይ የተለያየ ድርሻ ስላላቸው፣ «ዘፈኑ የእኔ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ያልተሟላ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሥራዎ ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዙ። የሠሩበትን ቀን፣ ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን ያወጣውን፣ ያቀናበረውን፣ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን በዝርዝር ይጻፉበት። ስቱዲዮ የሚያቀርብልዎትን ውል ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ወደ ቤት ይዘው ይሂዱ፤ መብቱ ለምን ያህል ዓመት እንደሚተላለፍ፣ በኢንተርኔት የሚገኘው ገቢ እንዴት እንደሚካፈል፣ ሥራው ለማስታወቂያ ሲውል ማን እንደሚፈቅድ የሚገልጹት አንቀጾች የት እንዳሉ በእርሳስ ያስምሩ፤ ያላገኙትን ከመፈረምዎ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳይተው እንዲጻፍ ያድርጉ።