የተደፈነ የኖራ ድንጋይ ገንዳ እንዴት ይጸዳል?

ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከተዘጉ የከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ዛሬም አሲድ ያለበት ውሃ ይፈሳል። በአንዳንድ ቦታ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ኖራ ድንጋይ በተሞላ ገንዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። ድንጋዩ እየሟሟ የአሲዱን ኃይል ይሰብራል። ፒኤቹ ከፍ ሲል፣ ማለትም አሲድነቱ ሲቀንስ ግን በውሃው ውስጥ የሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ይረጋና ድንጋዩን ይለብሰዋል፣ ክፍተቱንም ይሞላዋል። እኔ በበጎ ፈቃድ የምረዳበት ገንዳ የገጠመው ይሄው ነው።

መጀመሪያ መውጫው ላይ ባልዲ ደቅኑና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ገንዳው ከላይ እየሞላ መውጫው ከቀጠነ ተደፍኗል።

ቀጥሎ ድንጋይ አውጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከላይ ያለው ያታልላል፤ ከመግቢያውም ከመውጫውም በኩል ቆፍራችሁ አንሱ። ቅርፊቱ ቀይ ቡናማ ከሆነ ብረት ነው። እንደ ተመታ አብሽ ነጭና የሚያዝለገልግ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ነጭ፣ ደረቅና በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ጂፕሰምን (ጄሶ የሚሠራበትን ማዕድን) ጠርጥሩ፤ ሰልፌት በበዛበት ውሃ ይፈጠራል። ከዚያ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብራችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ውስጡ አረፋ ካወጣ ድንጋዩ ገና አላለቀም፤ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ።

ቅርፊቱን በአሲድ እናሟሟው የሚሉ አሉ። አይሆንም፤ አሲዱ ድንጋዩንም ይበላዋል።

አሉሚኒየም ከሆነ በገንዳው ሥር ከተዘረጉት ቧንቧዎች ውሃውን የሚያስወጣውን የታችኛውን ቫልቭ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የሚጠርገው የውሃው ጉልበት ነው። በፊት ግን የሚወጣው ውሃ የሚገባበት ማጠራቀሚያ ኩሬ ባዶ መሆኑን እዩ። እኔ ሳላይ ከፍቼ ወተት የመሰለ ውሃ ኩሬውን አልፎ ጅረቱ ውስጥ ገባ። አሉሚኒየም ለዓሣ መርዝ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውሃው ሲጠራ ሥራው አለቀ እንዳትሉ። በዚህ መንገድ የሚታጠበው በአብዛኛው ቧንቧዎቹ አጠገብ ያለው ነው፤ ሌላው እዚያው ይቀራል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ቫልቭ ስከፍት ከርሜ ገንዳው መልሶ ተደፈነ። መላ ያገኘነው ገንዳውን አድርቀን ድንጋዩን በኤክስካቫተር እያገላበጥን ስናጥብ ነው። የቧንቧዎቹን መስመር በካስማ ምልክት አድርጉ፤ አካፋው ከነካቸው ይሰበራሉ።

ብረት ከሆነም ማገላበጡ ይረዳል፤ ግን ውሃው ገንዳው ከመድረሱ በፊት ብረቱ የሚረጋበት ኩሬ ካልተሠራ ቅርፊቱ ይመለሳል።

የጎደለውን ስትሞሉ ካልሲየም ካርቦኔቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ድንጋይ ጠይቁ። ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት ተመሳሳይ ድንጋይ) ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ይቅርባችሁ። በመጨረሻ በዚያው ባልዲ ድጋሚ ለኩና ሰከንዱን ከነቀኑ ጻፉት።