ሲጽፉ የሚጣራውን ለኋላ ማቆየት

ደሴ ላይ የባጃጁ ጡሩምባ ሳይጀምር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ከውጭ የሚረብሸው ነገር እምብዛም የለም፤ ሐሳቡን የሚበትንበት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የሚከፍተው ኢንተርኔት ነው። ለምሳሌ ስለ ንጉሥ ሚካኤል የሚጽፍ ተማሪ፣ የሰገሌ ጦርነት የተካሄደው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ስልኩን ያነሣና መልሱን ባገኘበት እጁ ቴሌግራም ከፍቶ፣ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ወዴት ይሄድ እንደነበር እስኪረሳ ድረስ ይቆያል።

ስለዚህ እርግጠኛ ባልሆኑበት ዓመት፣ ስም ወይም አኃዝ ቦታ ላይ «ይይይ» ብለው ይለፉና መጻፍዎን ይቀጥሉ። ይህ የፊደል ድርድር በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ ስለማያጋጥም፣ ረቂቁ ሲያልቅ በኮምፒውተሩ መፈለጊያ አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣትና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጣራት ይቻላል። ምልክቱ የአማርኛ ፊደል እንዲሆን የምመርጠው ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ራሱ ትንሽ መቋረጥ ስለሆነ ነው (በእጅ ለሚጽፍ ግን ክፍት ቦታ ትቶ ኅዳጉ ላይ መስቀል ማድረግ ይበቃዋል)። ስልኩም እስከዚያው ሌላ ክፍል ቢቀመጥ ይሻላል፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻውን እጅን አይከለክልም።